ሴባስቶፖል፥ ብስክሌትና የጋይንት ዳገት
ስለ ብረታ ብረትና ስለ ክብደት የተጻፈ አጭር ታሪክ

ጭነት የሚባለውን ነገር ከጋይንት ሰው በላይ የሚያውቀው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፥ ከቆላው ወደ እርስዋ የሚመጣ ሁሉ ዳገት ሳይወጣ አይደርስም። አባቶቻችን እህል በአህያ ጭነው ገበያ ሲወጡ፥ እናቶቻችን ውሃና እንጨት በጀርባቸው ሲያመጡ፥ ከሩቅ ቀበሌ የሚማረውም ልጅ የሳምንት ስንቁን አዝሎ ወደ ከተማ ሲገሰግስ፥ ሁሉም የሚታገሉት ከአንድ ባላጋራ ጋር ነው፤ እርሱም ክብደት ነው።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ብስክሌት ክፍሎችና ስለ ተሠሩባቸው ነገሮች ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው «ብስክሌት የሜዳ ዕቃ ነው፤ ለባሕር ዳር ይሁን እንጂ ለጋይንት ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ክብደትን በሚገባ መመርመር የሚያስፈልገው ዳገት ባለበት አገር እንጂ ሜዳ ባለበት አገር አይደለም። ተማሪም ሆነ ወላጅ አንድ ቀን ገንዘቡን ቆጥሮ ብስክሌት ለመግዛት ሲነሣ፥ ቀለሙንና ጌጡን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ፥ «ይህ ክፍል ከምን ተሠራ? ስለ ምንስ ከዚህ ተሠራ?» ብሎ መጠየቅን ቢለምድ ይጠቅመዋል።

የዚህም ጽሑፍ ዋና አሳብ ይህ ነው። የአንድ ዕቃ ክብደት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በተሠራበት ነገር ይወሰናል፤ ሠሪው የሚመርጠው ነገር ግን ፍላጎቱን ብቻ የተከተለ አይደለም፤ በእጁ ያለውን እሳት፥ ዕውቀትና ገንዘብ የተከተለ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀላሉ ከከባዱ ይሻላል ማለት አይቻልም፤ የሚሻለው ለሥራውና ለመንገዱ የተስማማው ነው።

አንባቢ እንዳይቸገር፥ የአገራችንን ታሪክ በእኛ አቆጣጠር፥ የውጭውን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) አመለክታለሁ።

ሰባ ኩንታል ነሐስ በጋይንት ምድር

ስለ ብረታ ብረትና ስለ ክብደት ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የውጭ አገር የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያበጁላቸው አደረጉ። እነ ቴዎፊል ቫልድማየር ብዙ ከሞከሩና ብዙ ከወደቁ በኋላ ሥራው ተሳካ። ከመድፎቹም ሁሉ ዝነኛው በ1859 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ሴባስቶፖል ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል፤ ይኸውም በእኛ የገበያ ሚዛን 70 ኩንታል ማለት ነው።

ይህ መድፍ የተሠራው ከነሐስ ነበር። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ቀልጠው ሲዋሐዱ የሚገኝ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያው በአንድ ሊትር ልክ የተቆረጠ ብረት 7.85 ኪሎ ያህል ሲመዝን ነሐስ ግን 8.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ነሐስ ከብረትም የሚከብድ ከሆነ ስለ ምን ተመረጠ? ምሥጢሩ ያለው በምድጃው ላይ ነው። ነሐስ ወደ 1,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት እንደ ውሃ ይፈሳል፤ አረብ ብረትን ለማቅለጥ ግን ወደ 1,500 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል። የጋፋት ምድጃ የመጀመሪያውን ሙቀት ሰጠ፤ ሁለተኛውን ለመስጠት ግን አቅም አልነበረውም። ስለዚህ የሴባስቶፖልን ክብደት የወሰነው የንጉሡ ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ ምድጃውም ነበረ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ይህ ሁሉ ክብደት በሠረገላ ላይ ሆኖ በጋይንት ምድር አለፈ። በጨጨሆ አድርጎ፥ ዋድላን አቋርጦ፥ የጅዳን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፥ ደላንታን አልፎ፥ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። መንገድ ባልነበረበት ገደል ላይ መንገድ እየተቆረጠ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ፥ ሴባስቶፖልን ብቻውን ለመሳብ እስከ 500 ሰው ያስፈልግ እንደ ነበረ ተጽፎአል። ሰባውን ኩንታል ለአምስት መቶ ሰው ብናካፍለው ለአንድ ሰው 14 ኪሎ ይደርሰዋል። አሥራ አራት ኪሎ ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን አምስት መቶ ሰው በአንድ ጠባብ የገደል መንገድ ላይ ባንድ ጊዜ እንዲስብ ማድረግ ምን ያህል ጭንቅ እንደ ሆነ ጨጨሆን ያየ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

በሌላው በኩል በባሕር ተሻግሮ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በበቅሎ ጀርባ የሚጫኑ የአረብ ብረት የተራራ መድፎችን ይዞ ነበር። ትልልቆቹንም መድፎች ከሕንድ ባመጣቸው ዝሆኖች ላይ ጫናቸው። በዚያ ጦርነት ድል የተገኘው በብረት ዓይነት ብቻ ነው ለማለት አይደለም፤ የጠመንጃው ዓይነት፥ የሠራዊቱ ብዛትና የንጉሠ ነገሥቱ ብቻቸውን መቅረት ሁሉ ነበረበት። ሆኖም አንዱ ወገን መድፉን ለበቅሎ ሲያሸክም ሌላው ለአምስት መቶ ሰው ማሸከሙ፥ የምድጃ ዕውቀት ምን ያህል ኀይል እንደ ሆነ ያሳያል። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ ድረስ በመቅደላ አምባ ይገኛል።

ከእንጨት ወደ አረብ ብረት

ሴባስቶፖል በጋፋት በተሠራበት ወራት፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ1867፥ በፓሪስ ከተማ አንድ አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ ውሎ ነበር። ፒየር ሚሾ የተባለው ፈረንሳዊ ፔዳል ያለው ሁለት እግር ተሽከርካሪ ይሸጥ ጀመር። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ ፔዳል የሌለው፥ ተቀምጠው መሬቱን በእግር እየገፉ የሚነዱት የእንጨት ተሽከርካሪ ሠርቶ ነበር። ክብደቱም ወደ 22 ኪሎ ነበር። የሚሾ ዕቃ ግን አካሉ ከብረት፥ መንኰራኵሩ ከእንጨት ሆኖ፥ ዙሪያውን የብረት ቀለበት ለብሶ ነበር። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዳ ነጂውን ስለሚያንገጫግጨው እንግሊዞች «አጥንት ነቅናቂ» የሚል ስም አወጡለት።

ይህን ከባድ ዕቃ ለማቅለል የተገኘው የመጀመሪያው ዘዴ አዲስ ብረት ሳይሆን አዲስ አሳብ ነበር። የእንጨት መንኰራኵር ክብደቱን የሚሸከመው ከታች ባሉት ወፋፍራም እንጨቶች ላይ በመቆም ነው፤ እንጨቶቹም እንዳይሰበሩ መወፈር አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1869 በፓሪስ ኢውጂን ሜየር፥ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር ጄምስ ስታርሊ፥ በእንጨቶቹ ፋንታ ቀጫጭን ሽቦዎችን ወጥረው አሰሩ። ዛሬ ራጂ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ቀጭን ሽቦ ቢገፉት ይታጠፋል፤ ቢስቡት ግን አይበጠስም። ሁሉም በአንድነት ወደ መካከል ሲስቡ መንኰራኵሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአገራችን ተረት በብረት ሲተረጐም እንደዚህ ያለ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ከምድጃ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1856 ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት አረብ ብረትን በርካሽ የሚሠራበትን መንገድ ገለጸ። ከዚያ በፊት አረብ ብረት ለሰይፍና ለምላጭ የሚሆን ውድ ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሐዲድም፥ ለድልድይም፥ ለቱቦም ዋለ። ቱቦ ሲገኝ ደግሞ የብስክሌቱ አካል፥ ማለት ሠራተኞች ቴላዮ የሚሉት፥ ውስጡ ባዶ ሊሆን ቻለ።

ባዶ ነገር እንዴት ይጠነክራል? መልሱ በማሳችን ላይ ይገኛል። የገብስ አገዳ ውስጡ ባዶ ነው፤ ነገር ግን በንፋስ መውጫ ነፋስ ዛላውን ተሸክሞ ይቆማል። አንድ ዘንግ ሲጎብጥ ሥራውን የሚሠራው የውጭው ቅርፊት ነው፤ መካከሉ ግን ክብደት ይጨምራል እንጂ ብዙ አያግዝም። ስለዚህ ያንኑ ያህል ብረት ከመካከል ወስደን ወደ ዳር ብናወጣው ዘንጉ ሳይከብድ ይጠነክራል።

እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሮቨር የተባለውን፥ ሁለት እኩል ለመባል የሚቃረቡ መንኰራኵሮች ያሉትንና የኋለኛው በካቴና የሚዞረውን ብስክሌት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ አየር የሚነፋ ጎማ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ የብስክሌት መልክ ብዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሠራበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሬይኖልድስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ጫፍና ጫፉ ወፍራም፥ መካከሉ ግን ስስ የሆነ የአረብ ብረት ቱቦ የመሥራት መብት አገኘ። ቱቦ የሚሰበረው በመጋጠሚያው አጠገብ ስለ ሆነ፥ ብረቱ በሚያስፈልግበት ቦታ እንዲወፍር፥ በማያስፈልግበት እንዲሳሳ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተጨመረበት 531 የተባለው ቱቦ ወጣ። ይህ ብረት ከሌላው ብረት በሚዛን አይቀልም፤ ነገር ግን ይበልጥ ስለሚጠነክር ቱቦውን ማሳሳት ተቻለ። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፥ ክብደት የሚቀንሰው ነገሩ በራሱ ቀላል ሲሆን ብቻ ሳይሆን ጠንካራ ሆኖ ጥቂቱ ሲበቃም መሆኑን ነው።

አሉሚኒየም፤ የኤሌክትሪክ ልጅ

በምድር ላይ ከሚገኙት ብረታ ብረቶች ሁሉ በአፈር ውስጥ የሚበዛው አሉሚኒየም ነው። ነገር ግን ከአፈሩ ለመለየት እጅግ ስለሚያስቸግር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ እንደ ወርቅና እንደ ብር የከበረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 በአሜሪካ ቻርልስ ሆል፥ በፈረንሳይም ፖል ኤሩ፥ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት ውስጥ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚለይበትን መንገድ አገኙ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደቀ። ነሐስ የከሰል እሳት ልጅ እንደ ሆነ ሁሉ አሉሚኒየምም የኤሌክትሪክ ልጅ ነው ለማለት ይቻላል።

በሊትር ልክ የተቆረጠ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ይህም የብረት ሲሶ ያህል ነው። ታዲያ የአሉሚኒየም ብስክሌት በሲሶ ክብደት ይሠራል ማለት ነውን? አይደለም። ይህንንም በቁጥር ማስረዳት ይቻላል።

ውፍረቱ 28.6 ሚሊ ሜትር፥ ግድግዳው 0.9 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሜትር የአረብ ብረት ቱቦ 615 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚያው መጠን የተሠራ የአሉሚኒየም ቱቦ 211 ግራም ብቻ ይመዝናል። ነገር ግን አሉሚኒየም ለመጉበጥ ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ይቀላል፤ ነጂው ፔዳሉን በኀይል ሲረግጥ ቱቦው ይወዛወዛል። እንደ ብረቱ እንዳይጎብጥ ከተፈለገ ቱቦውን ወደ 37 ሚሊ ሜትር ማወፈር፥ ግድግዳውንም ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ማድረስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ክብደቱ 360 ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ትርፉ ከመቶ 66 ሳይሆን ከመቶ 40 ያህል ነው። የአሉሚኒየም ብስክሌት ቱቦ ወፍራም ሆኖ የሚታየውም ስለዚህ ምክንያት እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ሌላም ልዩነት አለ። አረብ ብረት ከአንድ ልክ ያላለፈ ጭንቀት ቢመላለስበት ሳይሰበር ለረጅም ዘመን ይኖራል። አሉሚኒየም ግን ትንሽም ጭንቀት ቢሆን እየተመላለሰ ሲመጣበት ውስጥ ውስጡን ይደክማል፤ ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ ትርፍ ውፍረት ሊሰጠው ይገባል። ደግሞም ብረት በየመንደሩ ባለ በያጅ ሲበየድ፥ አሉሚኒየም የተለየ መሣሪያና ጋዝ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ አሉሚኒየም ከሁሉ አስቀድሞ ያሸነፈበት አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም ጎማው የሚለብሰው ክብ አካል፥ ቸርኬው ነው። በፈረንሳይ አገር ዙሪያ ውድድር ለብዙ ጊዜ የእንጨት ቸርኬ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ያን ውድድር ያሸነፈው አንቶናን ማኝ ተፎካካሪዎቹ እንዳያውቁበት የእንጨት ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተጠቅሞ እንደ ነበረ ይነገራል። ቸርኬ ከሌላው ክፍል የሚለየው ስለሚዞር ነው። ብስክሌቱ ከቆመበት ሲነሣ በዳር ያለው ክብደት ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መዞርም አለበት፤ ስለዚህ በቸርኬና በጎማ ላይ ያለ አንድ ኪሎ በሚነሣበት ጊዜ ሁለት ኪሎ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሆኖ ይሰማል። በተካከለ ፍጥነት ዳገት ሲወጣ ግን ኪሎ ሁሉ እኩል ነው።

ከሜልቦርን እስከ ፓሪስ

አገራችን በኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ነበር። ወደዚያ የሄዱት ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችም ነበሩ። ከነዚህም አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. በሮማም ለሁለተኛ ጊዜ አገሩን ወክሎ ተወዳድሮአል፤ ያ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነው። በዚያ ዘመን ለውድድር የሚሆነው ብስክሌት አካሉ የአረብ ብረት ቱቦ፥ ቸርኬውና መሪው ደግሞ አሉሚኒየም ሆኖ ወደ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዎች ክብደትን እስከ ግራም ድረስ ያሳድዱት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ረጅም መንገድ የመሄድን ክብረ ወሰን ለመስበር ሲነሣ፥ ኤርኔስቶ ኮልናጎ የተባለው ጣሊያናዊ ሠሪ ክብደቱ ከ6 ኪሎ በታች የሆነ የአረብ ብረት ብስክሌት አበጀለት። ካቴናው ሳይቀር ተበሳስቶ እንዲቀል ተደርጎ ነበር። መርክስም ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሄዶ 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ሜክሲኮን የመረጠው ከፍታዋ 2,240 ሜትር ስለ ሆነና አየሩ ሳስቶ ነጂውን ብዙ ስለማይመክተው ነው። ንፋስ መውጫ ከዚያም ትበልጣለች፤ ሜዳው ብቻ ነው ያነሰን።

ከዚህ ቀጥሎ ቲታኒየምና ካርቦን መጡ። ቲታኒየም በሊትር 4.5 ኪሎ ይመዝናል፤ አይዝግም፤ ነገር ግን በብዛት ሊገኝ የቻለው ዊልያም ክሮል እ.ኤ.አ. በ1940 ከማዕድኑ የሚለይበትን መንገድ ከፈጠረ በኋላ ነው። ዋጋውም እስከ ዛሬ ውድ ነው። የካርቦን ክር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት የዳበረ ነው። ይህ ብረት አይደለም፤ ከፀጉር የሚቀጥኑ ክሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። በሊትርም 1.6 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። ሸማኔ ድሩንና ማጉን እንደሚዘረጋ ሁሉ፥ ሠሪው ክሩን ጭንቀቱ በሚመጣበት በኩል ይዘረጋዋል። ጉድለቱ ግን በድንጋይ ክፉኛ ሲመታ ውስጡ ተሰንጥቆ ከውጭ ላይታይ መቻሉ ነው፤ እንደ ብረትም በመንደር በያጅ እጅ አይጠገንም።

የብስክሌት ውድድርን የሚመራው የዓለም ማኅበር ነገሩ ከልክ እንዳያልፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ማንኛውም የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ ወሰነ። በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ዙሪያ ውድድር የተካፈለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የነዳውም እንደዚህ ያለውን የካርቦን ብስክሌት ነው። ከጋፋት ነሐስ ጀምሮ እስከ ጽጋቡ ካርቦን ድረስ 150 ዓመት የማይሞላ ጊዜ መሆኑን ስናስብ እጅግ ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። በካርቦን ብስክሌትም ላይ ቢሆን ካቴናው አረብ ብረት ነው፤ ራጂውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ካቴና ጥርስ ለጥርስ እየተፋጨ ስለሚሠራ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፤ ለዚህም ሥራ አረብ ብረትን የሚያህል ርካሽና ታማኝ ነገር አልተገኘም። ስለዚህ «የትኛው ነገር ይሻላል?» ማለት ጎደሎ ጥያቄ ነው፤ «ለየትኛው ክፍል የትኛው ይሻላል?» ማለት ይገባል።

ለእኛስ ዳገት የትኛው ይስማማል?

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ለጭነት የሚሆን የብረት ብስክሌት ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ነጂው ተማሪ 55 ኪሎ፥ ስንቁና መጽሐፉ 10 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 85 ኪሎ ይሆናል። ብስክሌቱ ከ20 ወደ 14 ኪሎ ቢወርድ ድምሩ 79 ይሆናል፤ ከመቶ 7 ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ይህ በአንድ በኩል ብዙ ነው፤ 500 ሜትር ከፍታ ለሚወጣ ልጅ 6 ኪሎ ጤፍ ከትከሻው ላይ እንደ ማውረድ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ደግሞ ጥቂት ነው፤ ቀሪው 93 እጅ ነጂው ራሱ፥ ጭነቱና የቀረው የብስክሌቱ ክብደት ስለ ሆነ ውድ ዕቃ ቢገዛም ዳገቱ ሜዳ አይሆንለትም። ስለዚህ ካምቢዮ ያለው ብስክሌት፥ ማለት ዳገት ላይ ፔዳሉን የሚያቀል ልዩ ልዩ ጥርስ ያለው፥ ጥቂት ክብደት ቢጨምርም ለጋይንት ልጅ ከቀላል ቴላዮ ይልቅ ይጠቅመዋል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ለኪሱም ለመንገዱም የሚስማማው አከፋፈል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ቴላዮውና የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ አረብ ብረት ይሁን። ጥቂት ይከብዳል፤ ነገር ግን ጠጠር መንገድ ላይ ቢወድቅ ይጎብጣል እንጂ ባንድ ጊዜ አይሰበርም፤ ቢሰነጠቅም በአቅራቢያ ያለ በያጅ ያድነዋል። መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻ የሚጠገን ዕቃ ለድኻ ተማሪ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፥ ቸርኬው አሉሚኒየም ይሁን። የሁለቱ ቸርኬዎች መለወጥ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ሊያቀል ይችላል። ነገር ግን ዋናው ምክንያት ክብደት ብቻ አይደለም። የላስቲክ ፍሬን በክሮም የተለበጠ የብረት ቸርኬ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ይንሸራተታል፤ አሉሚኒየምን ግን ውሃ ቢነካውም በተሻለ ሁኔታ ይይዘዋል። በሐምሌና በነሐሴ በጭጋግና በዝናብ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት የግራም ልዩነት ሳይሆን የሕይወት ልዩነት ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው ብስክሌት ሲገዙ ከሁሉ አስቀድመው እንዲጠይቁ የማሳስበው ይህን ነው።

ሦስተኛ፥ መሪው፥ የፔዳሉ ክንድና የመቀመጫው ዘንግ ከታመነ ሠሪ የመጣ ካልሆነ በቀር ለማቅለል ሲባል አይለወጡ። ርካሽና ቀላል የሆነ የአሉሚኒየም መሪ ደክሞ በቁልቁለት ላይ ቢሰበር የዳነው ሁለት መቶ ግራም የልጁን ጥርስ አይመልስም።

አራተኛ፥ ገንዘብ ሳይወጣ የሚቀንስ ክብደት አለ። ካቴናውን ማጽዳትና ዘይት መቀባት፥ ኩሽኔታውን ግራሶ መሙላት፥ ጎማውን በልኩ መንፋት ብስክሌቱን በሚዛን ባያቀልለትም በእግር ላይ ያቀልለታል። ያልተነፋ ጎማና የደረቀ ካቴና ከብዙ ኪሎ ይልቅ ነጂውን ያደክሙታል።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፥ በፊዚክስ ክፍል የምንማረው ስለ መጠንና ስለ ክብደት የሚናገረው ትምህርት ለፈተና ብቻ የተጻፈ አይደለም። አንድ ሊትር ማሰሮና አንድ ሚዛን ያለው ሰው ማንኛውንም የብረት ቁራጭ በውሃ ውስጥ ነክሮ፥ ያፈሰሰውን ውሃ ለክቶ፥ ከምን እንደ ተሠራ ለማወቅ ይችላል። ነጋዴው «አሉሚኒየም ነው» ብሎ የሸጠልን ዕቃ በሊትር 7 ኪሎ ከመዘነ ነጋዴው አልነገረንም እንጂ ውሃው ነግሮናል።

ከዚህም በላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ጋፋት ከእኛ ሩቅ አይደለችም። እዚያ የተነሣው እሳት ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት በኋላ ጠፍቶ ቀረ፤ ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ ዕውቀቱን የሚወርስ ትምህርት ቤትም አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፉን አሠሩ፤ ነገር ግን ከነሐስ ወደ አረብ ብረት፥ ከአረብ ብረትም ወደ ሌላው የሚያሻግረው ተከታታይ ትውልድ አልተገኘም። ሚሾ ከባዱን ቢሠራ ስታርሊ አቀለለው፤ ስታርሊ የጀመረውን ሬይኖልድስ አሳሳው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ስለ ፈጸመ ብስክሌቱ ቀለለ። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ፥ ከእኛ መካከል ወደ ቴክኒክ ትምህርት የሚያዘነብል ተማሪ ቢኖር፥ በብየዳና በብረት ሥራ እጁ ቢጠቁር የሚያፍር አይሁን፤ መምህራንና ወላጆችም ያበረታቱት። በጋይንት ዳገት ላይ የሚሸከም ሰው እስካለ ድረስ ሸክሙን የሚያቀልለት ሰው ያስፈልጋል።